ስድሳ ሁለት ማሽኖች፣ አንድ ቁጥር

በታህሳስ 2011 ዓ.ም. ሶሬል በተባለው የሊኑክስ ሶፍትዌር ድረ ገጽ ላይ ያለው ቆጣሪ፣ በመላው ኢትዮጵያ የ32 ቢት ዕትሙን የሚጠቀም ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው ይል ነበር። ይህንን ያነበበው ዓለምነው በዛብህ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ነበር። በዙሪያው ያሉት ኮምፒውተሮች ብቻ ሃያ ሦስት ነበሩ።

ዓለምነው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነው። መምህር አይደለም። ቁልፍ ይይዛል፣ ገመድ ይቀጥላል፣ አቧራ ይጠርጋል፣ የተበላሸውን ያድናል። ያኔ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። የተወለደው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። አፉን የፈታው በአውንጊ፣ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከኮምፒውተር ላይ ለቀመው። ባለቤቱ ፀጋነሽ ነርስ ነበረች፤ በ2005 ወደ ባሕር ዳር ተዛወረች። እሱም ለመዛወር አመለከተ። ክፍት ቦታ የለም ተባለ። ሁለተኛ አላመለከተም፤ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ሶሬልን ያገኘው በችግር ነው። በ2001 አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰባ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አምጥቶ ለእንጅባራ፣ ለዳንግላ፣ ለአዲስ ቅዳምና ለአዘና ትምህርት ቤቶች አከፋፈለ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ተማሪዎች በፍላሽ ያመጡት ቫይረስ ዊንዶውሱን ጨረሰው። ፍቃድ ያለው ሌላ አልነበረም። ዓለምነው ቫይረስ የማይነካው፣ በነጻ የሚሰጥ ነገር እንዳለ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አነበበ። ሶሬል እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ከማስነሳት ጀምሮ ሁሉንም የሚሠራ ነው፤ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያዘጋጁት። ጻፈላቸው። በሁለት ወሩ አንድ ሲዲ በፖስታ መጣለት።

ማሽኖቹ በጊዜያቸው የነበረውን ፕሮሰሰር የያዙ፣ ባለ 32 ቢት የሚባሉ ናቸው። በኋላ የተሠሩት ባለ 64 ቢት ሆኑ። ለአዲሶቹ የተዘጋጀ ሶፍትዌር አሮጌዎቹ ላይ አይነሳም፤ ለእነሱ ለብቻው መሠራት አለበት። ሶሬል ለሁለቱም ያዘጋጅ ነበር።

አዲስ ዕትም ከመውጣቱ በፊት በእውነተኛ ማሽን ላይ መሞከር ነበረበት። ዓለምነው ከ2004 ጀምሮ ይህንን ይሠራ ነበር። የሙከራውን ሲዲ ያወርዳል፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። በአንድ ማሽን ላይ ይጭናል። ድምፁን፣ ስክሪኑን፣ ፕሪንተሩን ይፈትሻል። ከዚያ የሁሉም ሰው ስም ባለበት ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሠርቷል፣ ወይም አልሠራም፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ደመወዝ የለውም። የ32 ቢት ሞካሪዎች ሲጀምር ሰባት ነበሩ። በ2011 ሁለት ቀሩ፤ እሱና ፖርቱጋል ያለ ዱዋርቴ የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ። ለሰባት ዓመት ተጻጽፈዋል። ደብዳቤዎቻቸው ከሦስት መስመር አይበልጡም ነበር። አንዴ ዱዋርቴ ሚስቱ መሞቷን ጻፈለት። ከሥሩ የድምፅ ካርዱ እንደሠራ ጨመረ።

ማስታወቂያው የወጣው በታህሳስ ነው። ሶሬል የ32 ቢት ዝግጅቱን ለማቆም አስቧል። ተጠቃሚ የለውም። የሚቃወም ካለ እስከ ፈረንጆቹ ጥር 31 ድረስ ተጠቃሚ መኖሩን ያሳይ፤ በዚያ ቀን ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ድምፅ ለሚሰጡት ይቀርባል። ዓለምነው ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው። ጥር 23 ሆነ። በአዊ ጥር 23 የፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው።

በዚያው ሳምንት የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ካሳነሽ ወረቀት ይዘው መጡ።

“ይኸን አይተኸዋል? ሠሪው ድጋፍ ያቆመለት ኮምፒውተር ከአገልግሎት ውጪ ይደረግ ይላል። ፈርምና ኮሚቴው ያስወግዳቸው። ክፍሉን ለመጽሐፍ መጋዘን ይፈልጉታል።”

“ገና አላቆመም፣ እትዬ ካሳነሽ። እስከ ጥር መጨረሻ ይታገሱኝ።”

“ብታገስህ ወደ ልጅነታቸው ይመለሳሉ?”

“አይመለሱም። ግን ይሠራሉ።”

“እኔስ እሠራ የለ? የጡረታ ደብዳቤዬ ግን መጥቷል።” ወረቀቱን አጥፈው ያዙት። “እስከ ጥር መጨረሻ። ከዚያ ወዲያ እኔንም ያስወግዱኛል።”

አዲስ ኮምፒውተር ስለመምጣቱ የተባለ ነገር አልነበረም።

ዓለምነው መጀመሪያ ጥፋቱን ለኔትወርኩ ሰጠው። እያንዳንዱ ሶሬል የተጫነበት ማሽን በሳምንት አንዴ ‘አለሁ’ የሚል አጭር መልእክት ወደ ቆጣሪው ይልካል። መስመሩ ደካማ ስለሆነ መልእክቱ ሳይደርስ ይቀራል ብሎ አሰበ። መዝገቡን ከፈተ። መልእክቶቹ ደርሰዋል። የአንደኛውን ማሽን መለያ ቁጥር አየ፤ ረጅም፣ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ነው። የሁለተኛውን አየ። ከዚያ የሦስተኛውን። አንድ ዓይነት ነበር።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ስህተቱ የራሱ ነበር። በ2002 አንድ ማሽን በኢንተርኔት አሟልቶ ለመጫን ሁለት ቀን ይወስድ ነበር፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ አንዱን ብቻ አስተካክሎ ጫነ። የአማርኛ ፊደሉን አስገባ፣ የተማሪዎቹን መማሪያ ጨመረ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ወደ ሌላው ገለበጠ፣ ሌላውን ወደ ሌላው። የዳንግላው ሰው መጥቶ ቅጂ ወሰደ። የአዲስ ቅዳሙ ከዳንግላ ወሰደ፤ የአዘናው ከአዲስ ቅዳም። ጎረቤት ከጎረቤት እርሾ እንደሚወስደው ነው የተዛመተው። የመጀመሪያው ማሽን ሲጫን የተሰጠው መለያ ቁጥርም አብሮ ተገለበጠ። ቆጣሪው በየሳምንቱ የአንድ ማሽን ድምፅ ደጋግሞ የሰማ መስሎት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ስህተት ሲመዘግብ ይህንን አላየም።

ከሰባዎቹ የቀሩት ስድሳ ሁለት ነበሩ። በእንጅባራ ሃያ ሦስት፣ በዳንግላ አሥራ ስምንት፣ በአዲስ ቅዳም አሥራ ሁለት፣ በአዘና ዘጠኝ። እያንዳንዱ አዲስ ቁጥር ማግኘት፣ ከዚያም ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አንድ መልእክት መላክ አለበት። ሌሎቹ ሦስት ትምህርት ቤቶች መስመር የላቸውም። ቀኑ ጥር 14 ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞላ። ርዕሰ መምህሩ ምክንያቱን ሲጠይቀው ‘የግል ጉዳይ’ ብሎ ጻፈ።

ከዳንግላ ጀመረ። በሚኒባስ ሄዶ ሁለት ቀን ሠራ። ስልኩን በገመድ ከማሽኑ ጋር ያገናኛል፣ ቁጥሩን ይለውጣል፣ መልእክቱን ይልካል፣ ገመዱን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። አንዳንዱ ለመነሳት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በአዲስ ቅዳም ከሰል የጫኑ መኪኖች በሚያድሩበት ግቢ ፊት ለፊት አልጋ ያዘ። ማንም ምን እንደሚሠራ አልጠየቀውም።

የጠየቀው አዘና ላይ ስማቸው የሚባል የሂሳብ መምህር ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ክፍሉን ከፍቶለት በሩ ላይ ቆሞ ያየው ጀመር።

“ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ መንገድ የመጡት ቁጥር ሊቀይሩ ነው?”

“አዎ።”

“የማንን?”

“የእነሱን። ሁሉም አንድ ቁጥር ነው የያዙት።”

“እንደ ቀበሌ መታወቂያ?”

“ስድሳ ሁለት ሰው፣ አንድ መታወቂያ።”

ስማቸው ሳቀ። “ስኳር የሚታደልበት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር።”

ዓለምነውም ሳቀ። ገመዱን ነቅሎ ወደ ስድስተኛው ማሽን ሄደ።

“እና ቁጥራቸው ሲለያይ ምን ይገኛል?”

“እንዳሉ ይታወቃል።”

“እዚህ እኮ እንዳሉ እናውቃለን።”

“እዚያ ነዋ የማያውቁት።”

ስማቸው እጅጌውን ሰብስቦ የቀሩትን ማሽኖች አቧራ ይጠርግ ጀመር። አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ ጨረሱ። ስማቸው ማደሪያ አለኝ፣ ከእኔ ጋር ይደሩ አለው። ዓለምነው የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ሄደ። መናኸሪያ ሲደርስ መኪናው ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ።

የራሱን ሃያ ሦስት ለመጨረሻ ያቆያቸው የትምህርት ቤቱ መስመር ስላለ ነው። ጥር 21 ቀን መስመሩ ተቋረጠ። ለጥገና አመለከተ፤ ከበዓሉ በኋላ ተባለ። በስልኩ ጀመረ። በ22 ስድስት ላከ። በ23 ጠዋት ሲመጣ ከዞኑ ሁሉ ፈረሰኛው ወደ እንጅባራ ገብቷል፤ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ እንግዳው መጥቷል። ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ሁሉም ቪዲዮ ይልካል። የዓለምነው ስልክ ኔትወርክ አለ ይላል፤ የሚያልፍ ነገር ግን የለም። ግቢው ባዶ ነበር። ከሜዳው በኩል መለከትና እልልታ ይሰማል።

አራት ሰዓት ላይ የፈረስ ኮቴ ሰማ። ታላቅ ወንድሙ ይሄነው ከነቦራ ፈረሱ በር ላይ ቆሟል። ፈረሱ በቀይ ክርና በጸጉር ተሸልሟል፤ ይሄነው ራሱ ጋሻና ዘንግ ይዟል። ኮምፒውተር ክፍሉን በመስኮት አየው።

“ስልክህ አይሠራም።”

“ሰው በዝቶ ነው፣ አያ ይሄነው። ኔትወርኩ ተጨናንቋል።”

“ሰው መብዛቱንማ ሰምተሃል እንግዲያው። እኔ ያልነገሩህ መስሎኝ ነበር።”

“ማታ እመጣለሁ።”

“ማታ ምን አለ? ሰልፉ ላይ የአባታችን ቦታ ሁለት ሰው ነው የሚቆምበት። አምናም ብቻዬን ነው የቆምኩት። ዘንድሮ ጎረቤታችን ደርበው ለአንተ ፈረስ ሊያውስህ ነበር።”

“የዛሬው ነገር ዛሬ ካላለቀ አይሆንም።”

ይሄነው ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። “ስንት ቀረህ?”

“አሥራ ሰባት።”

“እኛ ስንት እንደሆንን ታውቃለህ? ሜዳው አልበቃንም። አንተ እዚህ አሥራ ሰባት ትቆጥራለህ።” ቦራው ተቁነጠነጠ፤ ልጓሙን ያዝ አደረገው። “እነዚህ የምትልክላቸው ሰዎች ያውቁሃል?”

“አንዱ ያውቀኛል።”

“በመልክ?”

ዓለምነው ስልኩን እንደገና ሞከረ። ይሄነው ፈረሱን አዞረ። ከበሩ ሳይወጣ፣ ዞር ሳይል “ገብስ ጠላ አስቀምጥልሃለሁ” አለ።

ኔትወርኩ የተከፈተው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ፈረሰኛው ወደየአገሩ ሲበተን። አሥራ ሰባቱ ተራ በተራ ላኩ። ፀሐይ ስትገባ የመጨረሻው አለፈ። ቆጣሪው ኢትዮጵያ፣ ስድሳ ሁለት አለ። ዓለምነው ቁጥሩን ሁለቴ አይቶ ክፍሉን ቆለፈ። ወደ ሜዳው ሄደ። ፍግና የተቀደደ ላስቲክ እንጂ የቀረ ሰው አልነበረም። ወንድሙ ወዳለበት ወደ ዘንገና የሚሄድ መኪናም አልነበረም።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። የዕትሙ ኃላፊ ለሁሉም በሚደርሰው የደብዳቤ ዝርዝር ላይ ጻፈ። በአንድ አገር ለዓመታት አንድ የነበረ ቁጥር በዘጠኝ ቀን ስድሳ ሁለት ሆኗል፤ ሁሉም ከአንድ ስልክ በኩል ነው የመጡት፤ አንድ ሰው ቁጥር እየፈጠረ እንደላከ ይመስላል፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

ዓለምነው ደብዳቤውን አነበበ። ለመመለስ ጀምሮ ተወው። ማታ ከዱዋርቴ ሁለት መስመር መጣ። ‘ማሽኖቹ እውነት ናቸው? የምትለኝን አምናለሁ።’

በማግስቱ ወይዘሮ ካሳነሽ ዘንድ ሄደ። የአራቱንም ትምህርት ቤቶች የንብረት ቁጥር ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ሴትዮዋ ለሦስቱ ንብረት ክፍሎች ደወሉ፤ ሁሉንም በስም ያውቋቸዋል። እሱ ስድሳ ሁለት መስመር ጻፈ። ትምህርት ቤቱን፣ የንብረት ቁጥሩን፣ ማሽኑ ከበሩ ስንተኛ እንደሆነ፣ ምን እንደተበላሸበት። ዲስክ መገልበጡንና መለያ ቁጥሩ አብሮ መገልበጡን ጨመረ፤ ስህተቱ የእኔ ነው አለ። ለዱዋርቴ ላከለት። ዱዋርቴ ለሁሉም አሰራጨው።

ኃላፊው በሦስት ቀኑ ይቅርታ ጠየቀ። ስድሳ ሁለቱ ተቆጥረዋል አለ። ቀጥሎ ግን የነገሩን ልብ ጻፈ። ችግሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። ለ32 ቢት ሶፍትዌሩን በየሳምንቱ የሚያዘጋጀው ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ሄዷል፤ የሚተካው አልተገኘም። ሥራው ሌት ተቀን የማይጠፋ ማሽንና በሳምንት አርባ ጊጋባይት የሚያመላልስ መስመር ይፈልጋል። ‘ማሽኖቹን ከማንም በላይ የምታውቃቸው አንተ ነህ። ትይዘዋለህ?’

ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት አያውቅም ነበር። ወረቀት አውጥቶ አሰላ። መስመሩ ተጠግኗል፤ ግን ሌላ ማንም ሳይነካው፣ መብራትም ሳይጠፋ፣ የአንዱ ሳምንት ሥራ አርባ ቀን ይፈጃል። እንግሊዝኛውን አስተካክሎ መልሱን ጻፈ። ‘እፈልጋለሁ። አልችልም። መስመራችን አይበቃም።’ ከመላኩ በፊት ‘እፈልጋለሁ’ የሚለውን አጠፋው። ቀጥሎ ደግሞ መልሶ ጻፈው።

ድምፁ ተሰጠ። የ32 ቢት ዝግጅት ይቁም ተባለ። በሚያዝያ የሚወጣው ዕትም የመጨረሻው ይሆናል፤ ለእሱም እስከ ሰኔ 2013 ድረስ የደህንነት ማስተካከያ ይላክለታል። ዓለምነው ይህንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ላኩለት። ወይዘሮ ካሳነሽ ደብዳቤውን በፋይሉ ላይ አያያዙት።

“ሁለት ዓመት ከምናምን” አሉ። “ከእኔ ይበልጣሉ። እኔ ሐምሌ ላይ ነኝ።”

የመጨረሻው የሙከራ ሲዲ በመጋቢት መጣ። ሁለቱ ሞካሪዎች ተራ ነበራቸው፤ መጀመሪያ ዱዋርቴ፣ ከዚያ እሱ። የዱዋርቴ ማሽን አልነሳ አለ፤ ማዘርቦርድ የሚባለው ዋና ሰሌዳው ተቃጥሎ ነበር፤ እጠግነዋለሁ አለ። ዓለምነው ብቻውን ሞከረው። ድምፅ፣ ስክሪን፣ ፕሪንተር። ሠንጠረዡ ላይ ‘ሠርቷል’ ብሎ ጻፈ። የማሽን ብዛት በሚለው ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ይጽፍበት የነበረው፣ ሃያ ሦስት ብሎ ሞላ። በእያንዳንዱ ላይ ለየብቻው ጭኖት ነበርና። ሲዲ መገልበጥ እንጂ ዲስክ መገልበጥ ትቷል። በሐምሌ ወይዘሮ ካሳነሽ ጡረታ ወጡ።

ቆጣሪው አልተዘጋም። ዝም ያለ ማሽን ከዝርዝሩ የሚያወጣው ከወራት በኋላ ነው፤ መስመር የሌላቸው ትምህርት ቤቶችም አልፎ አልፎ በስልክ እያገናኙ ይልካሉ። ዓለምነው በየሰኞው ይከፍተዋል። ከስድሳ ሁለቱ ዳንግላ ላይ ሦስት፣ አዘና ላይ አንድ ሞተዋል፤ የአዘናውን ስማቸው ደውሎ ነገረው። በኅዳር 2012 አንድ ሰኞ ዝርዝሩን ሲያይ ፖርቱጋል ዜሮ ሆናለች። ምን ሆንክ ብሎ ጻፈ። ዱዋርቴ በሁለተኛው ሳምንት መለሰ። ሰሌዳ ፈልጎ አጣ፤ ልጁ አዲስ ላፕቶፕ ገዛችለት፤ አሮጌውን ጎረቤት ለብረቱ ወሰደው። ‘ሰላም ሁን’ ብሎ ጨረሰ። የድምፅ ካርዱን ነገር አላነሳም።

ኢትዮጵያ፣ ሃምሳ ስምንት። ከእሷ በታች የቀረ አንድ አገር ብቻ ነበር። ቦሊቪያ፣ አንድ።

ዓለምነው ያንን አንድ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። የ32 ቢት ሞካሪዎች ይጻጻፉበት ወደነበረው የደብዳቤ ዝርዝር ጻፈ። ‘ቦሊቪያ ላለኸው ሰው። ማሽኖችህን ከአንድ ዲስክ ገልብጠህ ከሆነ ሁሉም አንድ ቁጥር ይዘዋል። ቁጥሩን ለውጥ። አለዋወጡ ከዚህ በታች አለ። ችግር ከገጠመህ ጻፍልኝ።’ አለዋወጡን በስድስት መስመር አስቀመጠ። ላከው።

ኢሜይሉ በአምስት ደቂቃ ተመለሰ። ይህ የደብዳቤ ዝርዝር ተዘግቷል ይላል።

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ዓለምነው የኢሜይሉን ገጽ ዘግቶ ሄደና ከፈተላቸው። “ሦስተኛውና አሥራ አራተኛው ዛሬ አይነሱም” አላቸው። “በአንድ ወንበር ሁለት ሁለት ሁኑ።”